ፋኖስ የማይነካው ሾፌር

«አንቺ! እስቲ አንዴ ነይማ!»

መጋረጃ ሰፊዋ ቀና እንኳ አላለችም። እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሳ፣ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል እንደነከሰች መስፋቷን ቀጠለች። በእጇ ያለው የሆቴል መጋረጃ ነው፤ ከባድ፣ ገበር ያለው፣ ቅምቅማቱ ትንሽ ከተንሻፈፈ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ዕድሜ ልኩን ሰፊዋን የሚያሳጣ ጨርቅ። እንዲህ ያለውን ሥራ መሀል ላይ ጥለው አይነሱም።

«ኧረ አንዴ! አንድ ዕቃ ብቻ ናት የቀረችኝ!»

«አንድ ዕቃ ብቻ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ልቧ ውልቅ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚቀረው። ትናንትም አንድ ዕቃ ብቻ ነበር የቀረው። ይሄ ሰውዬ የሞተ ዕለት እንኳ ሊወስደው የመጣውን መልአክ «ቆይ፣ አንድ ዕቃ ብቻ ቀረችኝ» ሳይለው አይቀርም።

ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ጣሳው ውስጥ ወረወረችና ተነሳች። የስፌት ክፍሏንና ሳሎኑን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው፤ እሱንም ራሷ ናት የሰፋችው። ገለጥ አድርጋ ገባች። ባሏ የኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሶ ማውሱን እንደ ጨቅላ ጫጩት በእፍኙ ይዟል።

«አሁን ደግሞ ምንድነው የጠፋህ?»

«ጃንጥላው። ቤቱን ሙሉ አሰስኩት፤ የለም። ጌሙ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

አንዴ ቀና ብላ አየች። «ይኸውልህ! እዚህ ከታች፣ ከበርሜሉ ጎን! ከአፍንጫህ ስር እኮ ነው!»

«ውይ! ቅድም እዚህ አልነበረም።»

«አዎ፣ አሁን ከገበያ ገብቶ ነው» አለችና መጋረጃውን በጀርባዋ ጥላው ተመለሰች። መርፌው ስር ትታው የሄደችው ጨርቅ በክብደቱ ተንሸራትቶ ክሩን በጥሶ ጠበቃት።

ባሏ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር ነው። ጠዋት ልጆቹን ከየበራቸው ለቅሞ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ መልሶ በየበራቸው ያራግፋል። በመሀል ያለው ሰዓት የራሱ ነው። ድሮ ይተኛበት ነበር። ደግ ዘመን ነበር ያ፤ እሱ ያንኮራፋል፣ እሷ ትሰፋለች፣ ቤቱ ሰላም ነው። ከዚያ ሴት ልጃቸው ለትምህርት ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ አሮጌ ኮምፒዩተሯን ትታ፣ «አባዬን ቀን ቀን እንዳይደብረው» ብላ አንድ ጌም ጫነችለት። ልጅ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይማራል፤ በመጨረሻም እናቱን በዚህ መንገድ ይበቀላል።

ጌሙ ዕቃ ፍለጋ ነው። አንዲት እመቤት ከትልቅ አሮጌ ቤቷ ጠፍታለች። ተጫዋቹ ክፍል በክፍል እየገባ፣ በተዝረከረከው ዕቃ መሀል የተደበቀውን እየለቀመ፣ የተቆለፈውን እየከፈተ ወዴት እንደሄደች ማወቅ አለበት። የሚፈለጉት ዕቃዎች ምስል ከስክሪኑ አናት ላይ ተደርድሯል፤ መቀስ፣ ላባ፣ ግማሽ ሳንቲም፣ የጉጉት ዓይን። መጋረጃ ሰፊዋ ይህችን እመቤት እንደ ጎረቤት ነው የጠላቻት። መቀሷን ጣሪያ ላይ፣ ዓሣዋን መብራት ላይ፣ ማበጠሪያዋን ከሰል ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት ባትጠፋ ነበር የሚደንቀው። ራሷን ጭምር የት እንዳኖረች ረስታው ይሆናል።

«ይሄ በር የማይከፈተው ለምንድነው?» ብላ አንድ ቀን ጠይቃው ነበር፤ ጥፋቱ የሷ ነው።

«የጉጉቷ ዓይን ያስፈልገዋል።»

«የት ነው ያለው?»

«ማሰሮው ውስጥ።»

«ማሰሮውን አትሰብረውም?»

«መዶሻው እጀታ የለውማ። እጀታው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል፤ ለጉድጓዱ ደግሞ ገመድ አላገኘሁም።»

«በሩን በእርግጫ አትለውም?»

«ጌሙ አይፈቅድም።»

ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተወች።

እንግዲህ በስክሪኑ ግራ ጥግ አንዲት ትንሽ ፋኖስ አለች። የቸገረው ሰው ሲጫናት ቦግ ብላ የተደበቀውን ዕቃ ታሳየዋለች። የተሠራችው ለዚሁ ነው። ባሏ ግን ነክቷት አያውቅም።

«ፋኖሷን የነካሁ ዕለት መሪውን ለሌላ ሰው አስረክባለሁ» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «ሾፌር በዓይኑ ነው የሚኖረው።»

«እኔን መጥራትህስ? ፋኖስ መንካት አይደለም?»

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ! ሚስት ፍንጭ አትባልም።»

በዚህ ክርክር አሸንፋው አታውቅም። የምታሸንፈው በየትኛው አንጀቷ ነው?

ሰውየውን ሰፈሩም ተማሪውም «ጋሽ እንቁላል» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ወላጅ «ምነው ዘገየህ?» ባለው ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ይመልሳል፤ ሌላ መልስ የለውም። አነዳዱም እንደዚያው ነው። ጥሩምባ ቢነፉበት፣ ቢሰድቡት፣ በመስኮት አውጥተው እጃቸውን ቢያወናጭፉበት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። «እንቁላል ቢሰበር ሌላ ይገዛል» ይላል። «የሰው ልጅ ከየት ይገዛል?» ያን ሁሉ ዘመን ሲነዳ የአንድ ልጅ ጉልበት እንኳ በሱ መኪና ተጭሮ አያውቅም። ሀብቱ ይሄ ነው፤ ሌላ የለውም።

አሁን ታዲያ ትምህርት ቤቱ አዲስ አውቶቡስ አስመጥቷል። ሰኞ ጋሽ እንቁላል ይረከበዋል ተብሏል። ዕድሜውን ሁሉ ሌሎች ያረጁትን ሲነዳ የኖረ፣ የወንበሩ ላስቲክ ገና ያልተላጠ መኪና ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሲነግራት ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እሷም መርገጫዋን ትታ ተነስታ ግንባሩን ሳመችው። እንደዚያ ከሳመችው ቆይታለች።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት አለ። ሰሞኑን የአሮጌው አውቶቡስ ቀኝ ጎን ደጋግሞ እየተጫረ ነው። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የግቢ በር ምሰሶ፣ ቀጥሎ የቆመ ታክሲ፤ የቀኙ ስፖኪዮም ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል። የስምሪት ኃላፊው ጠርቶት «አንድ ጭረት ብትደግም አዲሱን እርሳው» አለው። ጋሽ እንቁላል ጥፋቱን በምሰሶው አላከከ፤ ምሰሶው ያለ ቦታው ነው የተተከለው። ሚስቱ ደግሞ ጥፋቱን በኮምፒዩተሩ አላከከች። ማረፍ ባለበት ሰዓት ዓይኑን አፍጦ የሚውል ሰው እንዴት አይጭር? ባለፈው ወር አንድ ቀን ጭንቅላቱን ይዞ ሶፋው ላይ ወድቆ «ልፈነዳ ነው» ሲላትም «ይሄ ጌም ነው» አለችው እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም። ሐኪም ቤት ሂድ ብላ ብትለምነው «እንቅልፍ ይበቃዋል» ብሎ ተኝቶ ተነሳና ከሰዓት በኋላ መኪናውን ነዳ።

የዛሬው ምሳ ላይም ያው ጭቅጭቅ ነበር። የቀረበለትን በላ፣ «ተመስገን» አለና ሳህኑን ገፋ። በሳህኑ ቀኝ በኩል ያለው ምግብ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«ምን ሆኖ ነው የተውከው? ሰሞኑን እንዲሁ ነህ። ካልጣፈጠህ አልጣፈጠኝም በል!»

«በልቼ ጨረስኩ እኮ።»

«ይሄስ? ለድመት ነው?»

ሳህኑን አየው፣ እሷን አየ፣ ግራ ገብቶት ጎረሰ። «ጨው ግን ያንሰዋል። ጨው የለም እንዴ?»

ጨው ከቀኝ እጁ አጠገብ ነበር። አንስታ ሳህኑ ፊት ዘጭ አደረገችለት። አንጀቷ አረረ። የእመቤቲቱን ግማሽ ሳንቲም ከፎቶ ክፈፍ ጌጥ ውስጥ ፈልቅቆ የሚያወጣ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ገበታ ላይ ጨው ያጣል!

እየጎረሰ የትናንቱን አማረረላት። «የዘንድሮ ልጆች ደግሞ! ትናንት ያቺ የመጨረሻዋ ፌርማታ ልጅ ወርዳለች ብዬ ፍሬን ስለቅ ረዳቷ እሪ አለች። ለካ ልጅቷ የምሳ ዕቃዋ ወድቆባት ጎማው ሥር አጎንብሳለች። ከመሬት ፈልቃ ነው እንጂ እኔ እኮ አይቻለሁ፤ ማንም አልነበረም።»

«ልጆች ናቸው፣ ምን ታደርጋለህ» አለች ሳታዳምጠው። ልቧ ያለው ቅምቅማቱ ላይ ነበር።

ምሳ አልቆ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን ጥግ በቀኝ ዳሌው ገጨና የስፒሉን ጣሳ ወለሉ ላይ ገለበጠው። ስፒሉ ከአልጋው ሥር እስከ በሩ ተበተነ።

ያን ጊዜ ቱግ አለች።

«አሁንስ በዛ! አሁንስ እጅ እጅ አልከኝ! አታይም? ዓይንህን ለዚያች ለጠፋች ሴትዮ አስረክበሃታል እንዴ? መኪናውን ትጭራለህ፣ ቤቴን ትገለብጣለህ፣ ሥራዬን ታስፈታኛለህ! ሰኞ አዲሱን መኪና የምትፈልግ ከሆነ እስከ ሰኞ ያ ነገር ይዘጋል!»

ጋሽ እንቁላል በአራት እግሩ ተንበርክኮ ስፒል እየለቀመ፣ «ጌሙ ምን አደረገሽ? ዓይን ያሠለጥናል እኮ» አለ።

«ያሠለጥናል? እሺ። ዛሬ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንድም ነገር አልጠቁምም። ፋኖሷንም ሳትነካ፣ እኔንም ሳትጠራ ሁሉን ካገኘህ ተጫወት፤ ከዚህ በኋላ አፌን አልከፍትም። አንድ ዕቃ ካቃተህ ግን ይዘጋል።»

«ይሁን!» አለ በደስታ። ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሩ ዕድል ያገኘ አይመስልም።

ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጇን አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ገጥማ። እሱም ማውሱን ጨበጠ። የእመቤቲቱ ዕቃ ቤት ተከፈተ።

ደግሞም ጎበዝ ነው። ይህን አላወቀችም ነበር። ሁልጊዜ የምትመጣው አንዱ ሲጠፋው እንጂ ሌላውን ሲያገኝ አይታው አታውቅም። ላባውን ከደረቅ ቅጠል መሀል ለየው፤ መቀሱን ከመሰላሉ ጥላ ውስጥ አወጣው፤ ከግድግዳው ቀለም ጋር የተመሳሰለ እንሽላሊት እሷ ገና ሳታየው ጠቅ አደረገው። የጭልፊት ዓይን ነው። እያስጠላትም ቢሆን ኮራችበት።

«አየሽ?» አለ። «አንድ ብቻ ቀረች።»

የቀረችው ደወል ናት። እሷ ወዲያው አየቻት፤ ከታች በስተቀኝ፣ ከእንስራው አጠገብ ተጋድማለች። ምላሷን ነከሰች። እሱ ጣሪያውን አሰሰ፣ ግራውን ግድግዳ አሰሰ፣ ወለሉን ከግራ ወደ መሀል አሰሰ። አሰሰ፣ አሰሰ። በመጨረሻ ሲሰለቸው ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ ሲያወዛውዝ ደወሏ ድንገት ዓይኑ ውስጥ ገባች። «አገኘኋት! ተደብቃ!»

ምኑ ነው የተደበቀው? ብቻዋን ነው የተጋደመችው።

የሚቀጥለው ክፍል ማድ ቤት ነበር። ሁሉን ለቀመና ማበጠሪያው ቀረው። ማበጠሪያው ከታች በስተቀኝ ነበር። ቀጥሎ የመጻሕፍት ክፍሉ፤ እዚያ ደግሞ ሻማውም መነጽሩም ጠፉት። ሁለቱም ከታች በስተቀኝ።

መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ፈታች። ሲጠራት በብስጭት እየተንደረደረች፣ እየጠቆመች፣ እየተሳደበች ስትመለስ አንድም ቀን ልብ ያላለችው ነገር ነው። ጃንጥላው ከታች በስተቀኝ ነበር። የትናንቱ ጫማ፣ የትናንት በስቲያው መዶሻ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ጨው። ከሳህኑ የተረፈው ምግብ። የስፒሉ ጣሳ። ምሰሶው፣ ታክሲው፣ ስፖኪዮው። ከዚያ ደግሞ ጎማው ሥር ያጎነበሰችው ልጅ ትዝ አለቻት። ምሳ ላይ ታሪኩን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ አሳልፋዋለች። የተማሪዎቹ መውረጃ በር በቀኝ ነው።

«ተነስ» አለችው።

«ኧረ ሁለት ብቻ ናቸው የቀሩኝ!»

«ተነስ አልኩህ እኮ!»

ድምፅዋ ውስጥ የሰማው ነገር አስነሳው። የስፌት ክፍሏ ግድግዳ ላይ ነጭ የገበር ጨርቅ ዘርግታ ሰቀለች። መሀሉ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ አንድ ነጥብ አደረገች። ከዚያ በእንጨት ሜትሯ ጫፍ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ አሰረችና ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ማንም አላስተማራትም። ጨርቅ ላይ ያለ ጉድለት የሚታወቀው ዘርግተው ሲያዩት ነው፤ እሷ የምታውቀው ይህንኑ ነው።

«ነጥቧን ብቻ እያት። ዓይንህን እንዳታንቀሳቅስ። ቀዩን ስታይ አየሁ በል።»

«ደግሞ ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ እየሳቀ።

ቀዩን ከላይ በግራ አመጣችው። «አየሁ።» ከላይ በቀኝ። «አየሁ።» ከታች በግራ። «አየሁ፣ አየሁ። በይ ቀጥዪ።»

ወደ ታች፣ በቀኝ በኩል ዝቅ አደረገችው። እሱ ነጥቧን እያየ ዝም አለ። ቀዩን አወዛወዘችው። ዝም። ይበልጥ አወዛወዘችው፤ ጨርቁ እንደ ባንዲራ ተርገበገበ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ። «ጀምሪ እንጂ።»

አንዱን ዓይኑን አስጨፍና ሞከረች፤ ሌላውንም አስጨፍና ሞከረች። ያው ነው።

«ጀምሬያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።»

ዓይኑን ዞር ሲያደርግ ቀዩን ጨርቅ አየው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«መጋረጃ መስፋት ትተሽ ሐኪም ሆንሽ? ዓይኔ ደህና ነው! በዓይኔ ነው ስኖር የኖርኩት! እንሽላሊቷን ያየሁ ሰው ነኝ!»

«እንሽላሊቷ በግራ ነበረች።»

«ደክሞኝ ነው!»

«የዚያ ቀን ራስ ምታት…»

«ራስ ምታቱ አልፏል! ስሚ፣ ሰኞ አዲሱን ልረከብ። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ፣ ጠንቋይ ቤት ውሰጂኝ፣ የፈለግሽበት ውሰጂኝ። አሁን ይሄን ነገር ብታወሪ ሰኞ አበቃልኝ። ገባሽ?»

«ገብቶኛል። ዛሬስ? ዛሬ ከሰዓት የምትጭናቸው እንቁላል ናቸው?»

መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ወረወረው። ውሃው ሲንዶቀዶቅ ሰማች።

ዓይን ለራሱ ባዳ ነው ይባላል። ሌላውን ሁሉ ያያል፣ ራሱን አያይም። ሚስት ግን ልታይለት ነበር የተቀመጠችው፤ እሷም አላየችም። ስትቆጣ፣ ስትጠቁም፣ ጨዉን ዘጭ ስታደርግ ከረመች። በራሷ ላይ ከማንም በላይ ተናደደች፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበራትም፤ የመሄጃው ሰዓት ደርሷል። የአውቶቡሱ ቁልፍ በሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አወረደችው። በእጇ ይዛ ትንሽ ቆመች። ልትደብቀው አሰበች፤ ግን ሰው የተደበቀበትን ነገር ሲያገኝ ያመልጣል እንጂ አይማርም። ነጩን ገበር ከግድግዳው ነቅላ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። መቀሷን፣ ጠመኔዋን፣ ሜትሯን በቦታቸው አኖረች። ቁልፉንም ከሁሉ ወዲህ፣ በስተቀኝ አስቀመጠችው፤ ጥቁር ቁልፍ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ።

ጋሽ እንቁላል ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሚስማሩን አየ።

«ቁልፌስ?»

«ጠረጴዛው ላይ ነው።»

መጥቶ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። አየ። ኪሱን ዳበሰ፣ ወደ ሶፋው ሄደ፣ ትራሶቹን አነሳ፣ ተመለሰ። «የለም እኮ! የቱ ጠረጴዛ ላይ?»

«እዚህኛው። ነጩ ጨርቅ ላይ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አታስቆጪኝ! ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል! ደብቀሽዋል!»

«አልደበቅኩትም። እውነቴን ነው። ቁልፉ አንተ ፊት ነው። ካየኸው ያዘውና ሂድ፤ በሩን አልዘጋብህም።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ይሄ ከቁጣው ሁሉ ባሰበት። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ እንደገና አየ። መቀሱን አየ። ጠመኔውን፣ ሜትሩን፣ የጨርቁን እጥፋት አየ። እሷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆማለች። ቢያገኘው ደስ ይላት ነበር፤ ቢያገኘው ደግሞ መኪናውን ሊያስነሳ ነው። እንዲያይ ፈለገች፣ እንዳያይ ፈለገች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ክፉ ፍላጎት ፈልጋ አታውቅም።

ቁልፉ ከቀኝ መዳፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሲያይ ቆየ። መጀመሪያ ትከሻው ወረደ፣ ቀጥሎ ፊቱ። ያን ሁሉ ዘመን በመስኮት ሲሰድቡት ያልተለወጠው ፊት እንደ ልጅ ፊት ሆነ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ያቺ ልጅ» አለ። «ከመሬት አልፈለቀችም አይደል?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«በይ» አለ ቀስ ብሎ። «ፋኖሷን አብሪልኝ።»

አጠገቡ ሄዳ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች አዞረችለት። ቁልፉን አየው። አላነሳውም። እያየው ብቻ ተቀመጠ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የስምሪት ኃላፊው ጋ ደወለ።

«እኔ ነኝ… የከሰዓቱን ሌላ ሰው ይውሰድልኝ። አሁን፣ ቶሎ፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ… የለም፣ መኪናው ደህና ነው። እኔ ነኝ ያልተመቸኝ። በቀኝ በኩል አላይም… አዎ፣ አላይም። ሰኞም…» ቁልፉን በጣቱ ገፋ አደረገው። «የሰኞውንም ለሌላ ሰው አስረክበው። ደግሞ ረዳቷን አመስግንልኝ። ትናንት እሪ በማለቷ ተቆጥቻት ነበር።»

ስልኩን ሲዘጋ መጋረጃ ሰፊዋ ጫማዋን ታጠልቅ ነበር። የሆቴሉ መጋረጃ መርፌው ሥር እንደተወጠረ ነው። ይወጠር።

«ተነስ። ዓይን ሐኪሙ ሳይዘጋ እንድረስ። ደግሞ አሁን 'እንቅልፍ ይበቃዋል' ብትለኝ እኔ ራሴ ነኝ የማደነቁርህ።»

«ምን አልኩ? ተነስቻለሁ እኮ» አለ። ጃኬቱን ቀጥ አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ በልማዱ እጁ ወደ ሚስማሩ ሄዶ ባዶውን ነካና ተመለሰ።

ደረጃው ጨለም ያለ ነው። እሷ ሁልጊዜ በግራው ነው የምትሄደው። ጋሽ እንቁላልም ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ በግራው ፈለጋት።

«የት ገባሽ?»

በጀርባው ዞራ ክንዱን ያዘች።

«በቀኝህ ነኝ» አለች። «ሂድ። ቀስ ብለህ።»